ሱሉልታ ያልደረሰችው መኪና

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰበታ ያለውን የግቢያችንን በር ኦቦ በከዘራቸው አንኳኩ። ኦቦ የምላቸው ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ብሎ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ባሌንና ሚዜውን ሊያስታርቁ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አካም ጅርቱ?» አሉኝ። ደህና መሆኔን ነግሬያቸው ወንበር ባወጣም አልተቀመጡም።

«መልእክት ይዤ ነው የመጣሁት። ከዚያ ከቡራዩው ሰው።»

ስሙን አልጠሩም። በቤታችን ስሙ አይጠራም ነበርና እሳቸውም ያንን ያውቃሉ።

«ዓይኑ ጠፍቷል፤ ስኳር ነው። ‹ዓይኔ ሄዷል፤ ጆሮዬ ሳይከተለው ያችን መኪና አንድ ጊዜ ልስማት› ይላል። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ማሎ፣ እንቢ አትበይኝ።»

ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። እንቢ የሚለው እሱ ነበር፤ አሁን መልሱ የእኔ ሆነ። እኔን ደግሞ በዚህ ጉዳይ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «እስቲ ልጄን ላማክር» ብዬ ሸኘኋቸው።

መኪናዋ ግቢው ጥግ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ትቆማለች። ሞተሯ ከኋላ፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ሰልባትዮና የዕቃ ቦታዋ አንድ ላይ ከፊት ኮፈኑ ሥር የሆነ፣ ክብ፣ ትንሽ መኪና ናት። ባሌ ስንጋባ ገዛት፤ ያኔም አዲስ አልነበረችም። እሷን የሚጠግናት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሚዜው። ቡራዩ ላይ ጋራዥ ነበረው። በሰርጌ ቀን ጥላ የያዘልኝ እሱ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ ወልጄ፣ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ «ሙሽራዬ» ነበር የሚለኝ። ሚስቱና እኔም እንደ እህት ነበርን።

ልጃችን ስትዳር የባሏ ወገኖች የሱሉልታ ሰዎች ነበሩ። በሰርጉ ማግስት ቅልቅሉ እነሱ ቤት ተደገሰ። ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ከተባለው ሰዓት አንድ ደቂቃ የሚያሳልፍ ሰው አልነበረም። ለዚያ ጉዞ ብሎ አዲስ የቤንዚን ፓምፕ መርካቶ ሄዶ ራሱ ገዛ፤ ሰኞ ዕለት ሚዜው ገጠመለት። ቅዳሜ ሰልባትዮውን ሞላ። እሑድ ጠዋት ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ተነሣን።

አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር መኪናዋን ትን አላት። ሁለት ሦስት ጊዜ ተንዘፈዘፈችና ጠፋች። አሥር ደቂቃ ቆመን ብትነሣም ትንሽ ሄዳ እንደገና ጠፋች። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ድርቆሽ አራግፎ ወደ ሱሉልታ የሚመለስ የጭነት መኪና አዘነልን፤ ከኋላ፣ የድርቆሹ ቅሪት ላይ ተቀምጠን ሄድን። ስንደርስ በር ላይ የነበረ አንድ ወጣት «ኧረ ኑ እዩ፣ አማቶቻችን ከከብት መኖ ጋር ተጭነው መጡ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። ባሌ ግን ባርኔጣው ላይ ያለውን ሣር ሳያራግፍ ቆሞ ቀረ። ምርቃቱ አልቆ ነበር። የልጁን ትዳር ሌሎች አባቶች መርቀውለት እሱ ሳይመርቅ ቀረ።

ያን ዕለት ማታ የተናገረውን በቃሌ አውቀዋለሁ። «አዲስ ፓምፕ አይደክምም። ይህ ፓምፕ ደከመ። ስለዚህ አዲስ አይደለም።» ሚዜው አዲሱን አስቀርቶ አሮጌ ወልውሎ እንደገጠመለት አመነ። በማግስቱ የሰበታ ጋራዥ ወሰዳት፤ የዚያ ጋራዥ ሰውም ባሌ መስማት የፈለገውን ዓይኑ ላይ አየና «ይሄማ ታድሶ የገባ ነው» አለው። ፓምፑን አውልቆ ሌላ ገጠመ። መኪናዋ አልዳነችም። ባሌ ግን ያንንም በሚዜው ላይ ጨመረው፤ «እሱ ያበላሸውን ማን ያቃናዋል?» አለ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ኦቦ «እንግዲያው ማልና ይብቃ» አሉት። ሚዜው እስከ ዛሬ የማይረሳኝን ነገር መለሰ፦ «ስለ ሰው ነፍስ ቢሆን እምላለሁ። ለቤንዚን ፓምፕ ብዬ ግን መስቀል አልመታም።» አለመማሉን ሁሉም እንደ ማመን ቆጠሩበት። ባሌም «ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ቤት ደጃፍ እግሩ አይለፍ፤ የእናንተም የእሱን» ብሎ ዘጋው።

ከአራት ዓመት በኋላ የሚዜው ሚስት ሞተች። ለቅሶ አልደረስኩም። ባሌ ሲሞት ደግሞ ሰውየው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሞ አየሁት። ሬሳው አፈር እስኪለብስ ቆመ፤ ሳይቀርብ ሄደ። አልጠራሁትም።

መኪናዋን ባሌ አልሸጣትም። «ምስክሬ ናት» ይል ነበር። የወለቀውንም ፓምፕ በጋዜጣ ጠቅልሎ በካርቶን ሳጥን አስቀምጦት ነበር፤ እሱም ምስክር ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ልጄ ከሱሉልታ ስትመጣ ጥቂት ቤንዚን እየጨመረች ግቢ ውስጥ ታስነሣት ነበር። ስልክ ደውዬ የኦቦን መልእክት ስነግራት «እማዬ፣ አባዬ ቢሰማስ?» አለችኝ።

«አባትሽ ከእንግዲህ አይሰማም» አልኳት። እንዲህ ማለቴ ራሴን አስደነገጠኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚዜው መጣ። ኦቦ ክንዱን ይዘው ከሚኒባስ አወረዱት። ትልቅ ሰውነት የነበረው ሰው ካፖርቱ ውስጥ ጠፍቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሲገባ ሌላ ሰው ይዘው የመጡ መሰለኝ። ድምፁ ግን ያው ነበር።

«እንዴት ሰነበቱ፣ እትዬ?» አለኝ።

እትዬ። በአንቱታ። እኔም በአንቱታ መለስኩና ወደ ቤት እንዲገባ ለመንኩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለቤቱ የከለከለኝን ደጃፍ አልረግጥም። ከሌብነት ከነጻሁ እገባለሁ። ካልነጻሁ ከዚሁ እመለሳለሁ።» ደረጃው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልጄ ሻይ በብርጭቆ እዚያው ሰጠችው።

ካርቶኑን አወጣሁ። ፓምፑን ከጋዜጣው ፈትቶ ሕፃን እንደሚዳስስ ሰው በሁለት እጁ ዳሰሰው። ከልጄ ትንሽ ቤንዚን ተቀብሎ ውስጡን አራሰ፤ ከጎኑ ያለውን ዘንግ ብዙ ጊዜ ጫን ለቀቅ አደረገ። ከዚያ «ኦቦ፣ ጣትዎን ያውሱኝ» አለ። የሽማግሌውን ጣት ቤንዚን የሚገባበት ቀዳዳ ላይ አስቀምጦ ዘንጉን ሲጫን ኦቦ ጣታቸውን መንጭቀው አወጡ።

«ነከሰኝ!»

«አልነከሰዎትም፣ ሳበዎት። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ደርቆ እንኳ ይስባል። ያን ጊዜ አልደከመም ነበር።»

«ኤዬ» አሉ ኦቦ ጣታቸውን እያሹ። «የሚስብ ሁሉ ግን አዲስ ነው እንዴ? እኔም በዚህ ዕድሜዬ ትንባሆ እስባለሁ።»

ልጄ ሳቀች። እሱም ፈገግ አለ። «ልክ ነዎት። መኪናዋ ለምን እንደጠፋች ካልተገኘ ነገሩ አይዘጋም።»

ከዚያ መኪናዋ ዘንድ እንድንወስደው ጠየቀ። ከኋላ፣ ካርቡራተሩ ላይ የሚገባውን የቤንዚን ቱቦ ልጄ እንድትነቅልና ጫፉን ባዶ የውኃ ጠርሙስ ውስጥ እንድታስገባ አደረገ። እሷ ቁልፉን ስታዞር እሱ ጆሮውን ወደ ጠርሙሱ አዘነበለ። ቤንዚኑ ትፍ ትፍ እያለ ወረደ። «ይህኛውም ፓምፕ ጤነኛ ነው። ቱቦውም አልተዘጋም። የሚመጣው ይመጣል» አለ። ቱቦው ተመልሶ ተገጠመና መኪናዋ ተነሣች። እዚያው ቆማ ሩብ ሰዓት ያህል ሠራች። ምንም አልሆነችም።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ ሲነዳት የምትታመመው መቼ መቼ ነበር?»

እኔን ይጠይቀኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። አሰብኩና «ስትሞላ» አልኩ።

«ምን ስትሞላ?»

«ቤንዚን ስትሞላ። ግማሽ ሲሆን እስከ ዓለም ገና ደህና ትሄድ ነበር። ስትሞላ ግን ትጠፋለች። ባሌም ‹ጠግባ ትተኛለች› ይል ነበር።»

ኦቦ «እንዲህ ያለ በሬ ነበረኝ» አሉ። እሱ ግን አልሳቀም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ልጄ፣ ሙያትና ነይ» አለ በመጨረሻ። «ልክ ያን ቀን እንደነበረችው፣ እስከ አፏ።»

ማደያው ላይ ሰልፍ ስለነበር ልጄ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየች። ከዚያ አራታችን ገባን፤ እሷ መሪው ላይ፣ እሱ አጠገቧ፣ እኔና ኦቦ ከኋላ። ዳገት ይሁን ስላለ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ የሚወጣውን መንገድ ያዝን። እሱ ራሱን ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ይሰማል። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን የሞተሩ ድምፅ ቀጠነ።

«አሁን» አለ።

ሳይጨርስ መኪናዋን ትን አላት። ተንዘፈዘፈችና ጠፋች። ልክ እንደ ሱሉልታው ዳገት ነው። ያ ድርቆሽ፣ ያ ባርኔጣ በዓይኔ መጣብኝና የፊቱን ወንበር ጨብጬ ያዝኩ።

«ማንም ምንም እንዳይነካ» አለ። ልጄ እጁን ይዛ ወደ ፊት ወሰደችው፤ ኮፈኑን ከፈተች። ከፊቱ ያለው የሰልባትዮው ክዳን ነበር። «ቀስ ብለሽ ፍቺው። እናንተ ዝም በሉ።»

ልጄ ክዳኑን ስታላላው እስስስስ የሚል ድምፅ ወጣ። ረጅም ነበር፤ ውኃ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ሰው አየር ሲስብ የሚያሰማው ዓይነት። መጨረሻው ላይ የሰልባትዮው ቆርቆሮ ዶንግ ብሎ ጮኸ። ልጄ ወደ ኋላ ዘለለች። ኦቦ «ያ ዋቃ!» ብለው አማተቡ።

«ሰማችሁ?» አለ። «የዘይት ጀሪካን አንድ ጎኑን ብቻ በስታችሁ ስታንቆረቁሩ እንዴት ነው የሚሆነው? ትንሽ ይወርድና እንቅ ይላል። አየር ካልገባ ዘይቱ አይወጣም። ፓምፑ ይስባል፣ ይስባል፣ ሰልባትዮው ደግሞ መተንፈሻ የለውም። ሲሞላ የባሰ ነው፤ ውስጡ ያለው አየር ጥቂት ነዋ። የዚህች መኪና ክዳን መተንፈሻ ነበረው። አንድ ነገር ደፍኖታል። ስጪኝ።»

ክዳኑን ገልብጦ ጣቱን አስገባ። በጥፍሩ ፈልቅቆ ክብ ጥቁር ጎማ አወጣ፤ የእጅ መዳፍ የምታህል፣ ከመኪና ጎማ ካላማዳሪያ የተቆረጠች። ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዞራት። አንዴ ዞረና ቆመ። እንደገና ዞራት።

«ይህን ጋራዥ አልቆረጠውም» አለ ቀስ ብሎ። «እኛ በምላጭ ነው የምንቆርጠው። ይህ ጥርስ ጥርስ አለው። የልብስ ሰፊ ዚግዛግ መቀስ ነው።»

ልጄ ዘወር ብላ አየችኝ። እኔ በዚህ ቤት ሃያ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ። እሷ ያደገችው ያ መቀስ ሥር ነው።

እሱ እጁን ዘረጋ፤ ወደ ኦቦ ወይም ወደ ልጄ አልነበረም። የቆምኩበትን በትንፋሼ ሳይሆን አይቀርም ያወቀው። «ይያዙልኝ፣ እትዬ» ብሎ ጎማዋን መዳፌ ላይ አስቀመጣት።

ረስቼው ነበር። ለሰው ሳወራ ይህን ማመን ይከብዳቸዋል፤ እኔም ይከብደኛል። ግን ያቺ ጎማ እጄ ላይ እስክታርፍ ድረስ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

በዚያ የሰርግ ሳምንት የማኅበር ተራዬ ደርሶ ነበር። ለሌላ ላስተላልፈው እችል ነበር፤ አላስተላለፍኩም። ሰኞ መኪናዋ ከቡራዩ ተመለሰች፤ ሐሙስ ዕለት ድፎውን በኮባ ጠቅልዬ፣ በነጠላ ሸፍኜ ከፊት ኮፈኑ ሥር አስቀመጥኩት፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ደርሰን፣ ካህኑ ባርከው ቆርሰው አደሉ። ሰው አንዴ አላመጠና ማኘኩን አቆመ። እኔም ቀመስኩት። ቤንዚን ነበር። ከጥግ አንዲት ሴት «ኧረ ሰዎች፣ ክብሪት እንዳትጭሩ!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ካህኑ እንኳ ሳቁ። ድፎው ተመልሶ ለውሻ ሆነ። እናቴ ለእኔ፣ እኔም ለልጄ ያስተማርነው ሙያ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ የሙሽራ እናት ነበርኩ።

ዓርብ ጠዋት ባሌ ሳያየኝ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጠረኑ ከክዳኑ ሥር እንደሚወጣ በአፍንጫዬ አገኘሁ። ማገዶ ከማስርበት ካላማዳሪያ በዚግዛጉ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ሌላው መቀሴ ደንዞ ነበር። ክዳኑ ውስጥ አጥብቄ ከተትኩትና ዘጋሁት። ጠረኑ ጠፋ። ደስ አለኝ። ባሌ መኪናውን ሴት እንድትነካበት አይወድም ነበርና አልነገርኩትም። ቅዳሜ ሰርግ ሆነ። እሑድ ሱሉልታ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፓምፕ ነበር። ፓምፕና ክዳን፣ ሌባና ዳቦ አንድ ቀን እንኳ በአእምሮዬ ተገናኝተው አያውቁም።

ስንመለስ መኪናዋ ቁልቁለቱን እየዘመረች ወረደች። ክዳኑ ያለ ጎማ ስለሆነ ቤንዚኑ ሸተተን። ጎማዋን በመዳፌ ጨብጬ ነበር። ልናገር አልኩና መልሼ ተውኩት። የባሌ ሬሳ ላይ አፈር ሲወርድ አጥሩ ጥግ የቆመው ሰው፣ ለቅሶዋን ያልደረስኩላት ሴት፣ ያ ሁሉ ዓመት። ይህን ሁሉ ያደረገው የእኔ መቀስ ነው? ልቤ እንቢ አለ። ሌላ ሰው፣ ሌላ መቀስ ይሆናል ብዬ ጎማዋን እንደገና አየሁ። የጥርሱ ጥለት የእኔው ነው፤ አንዱ ጥርስ የተሰበረ ስለሆነ በየጥቂቱ አንድ ይዘላል።

በር ላይ ስንወርድ ኦቦ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እንግዲህ ምክንያቱ ተገኘ። ጎማውን ማን አስገባው?»

«ይህን መኪናዋ አትናገርም» አለ ሚዜው። ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ነበር።

«እኔ ግን ሽማግሌ ነኝና መጠየቅ አለብኝ። አንተ ያን ሳምንት መኪናዋን ነክተሃል። ባለቤቷ ከአንተ ሌላ ለማንም አይሰጥም ነበር። አንተ እንዳላስገባኸው በምን እናውቃለን?»

እሱ ሊናገር ይችል ነበር። ማን ልብስ እንደሚሰፋ ያውቃል፤ ያን መቀስ ከደብረ ዘይት ገዝታ ያመጣችልኝ የእሱ ሚስት ናት።

«እውነትዎን ነው፣ ኦቦ» አለ። «አያውቁም።» የራሱን ከዘራ ፈልጎ አገኘና «በሉ፣ ሚኒባሱ ሳይሞላ ያድርሱኝ» አለ። ደጃፉ ሦስት እርምጃ ላይ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መንገዱ መራመድ ጀመረ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ድምፄ ትንሽ ስለነበር ልጄ ብቻ ሰማችኝ። እንደገና አልኩት። «ኦቦ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት። በመቀሴ። ሰው አልነገርኩም።»

ኦቦ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ለምን?»

«ድፎው ቤንዚን ሸተተ።»

በመንገዱ ላይ የሚሄድ ባጃጅ አለፈ። የሐሙሱን ነገር ነገርኳቸው፤ ሴትዮዋ ያለችውንም ጭምር። ሳልጨርስ ሚዜው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሚያለቅስ መስሎኝ ክው አልኩ። እየሳቀ ነበር። ከሳቁ መሀል «ክብሪት እንዳትጭሩ!» ይላል፤ ደግሞ ይስቃል። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«አሥራ ሦስት ዓመት፣ ሙሽራዬ» አለ። «ለዳቦ?»

«ለዳቦ» አልኩ።

ኦቦ «ማል ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ባርኔጣቸውን እያዟዟሩ። «አልምልም ያለ ሰው ሌባ ነው ያልነው እኛ ነን። እኔም አለሁበት።»

«መቀሱ አለ?» አለ ሚዜው።

አለ አልኩት። «እንግዲያው መሀሏን በስተሽ መልሰሽ ክተቺያት፤ ዙሪያው ቤንዚን እንዳያፈስ። መተንፈሻው ክፍት ይሁን። ጠረኑ ግን ይመለሳል።»

«ይመለስ» አልኩ።

ከዚያ እጁን ወደ አየሩ ዘረጋ። ያዝኩት። ሦስቱን እርምጃ፣ ከዚያ ሁለቱን ደረጃ መራሁት። ደጃፉ ላይ ሲደርስ እግሩን አነሣና ቆየ፤ ከዚያ አለፈ። ሳሎን ለበሩ ቅርብ የሆነው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ነጠላውን ከካፖርቱ ውስጥ አወጣ። ከቤቱ ይዞት መምጣቱን አላየሁም ነበር።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። «ዘገየሁ።»

«እኔም ለሚስትህ ዘግይቻለሁ» አልኩት። «ሰኞ ገፈርሳ እመጣለሁ።» ጋራዡን ከዘጋ በኋላ የሚኖረው እዚያ፣ ከልጁ ጋር ነው።

ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱን ወደ ግራው ግድግዳ አዞረ። «የሰርጋችሁ ፎቶ እዚያ ነበረ። አሁንም አለ?»

«አለ።»

«እኔስ? አለሁ?»

ባሌ በዚያ የሽምግልና ማግስት ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥቶ፣ ሚዜው የቆመበትን ጎን ወደ ኋላ አጥፎ መልሶ ሰቅሎት ነበር። በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ባሌና እኔ፣ ከላያችንም ማን እንደያዘው የማይታወቅ ግማሽ ጥላ ነበር። ልጄ ወደ ግድግዳው አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«አለህ» አልኩት።

ኦቦ አቀርቅረው ነጠላቸውን አስተካከሉ። እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ሻዩን ጠየቀ።

ከሄዱ በኋላ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ፍሬሙን አውርጄ ጀርባውን ፈታሁ፤ የታጠፈውን ዘረጋሁት። ሚዜው አለ፤ ወጣት ነው፤ ጥላውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ጥላው እንዳያዘነብል እያየ። የእጥፉ መስመር በክንዱ ላይ ነጭ ሆኖ ወርዷል። ወፍራም መጽሐፍ ጫንኩበት። ሰኞ ሳወጣው መስመሩ አልጠፋም። እንዳለ መልሼ ሰቀልኩትና ወደ ገፈርሳ የምወስደውን ድፎ ጭኔ ላይ ይዤ ልጄ ያስነሣቻት መኪና ውስጥ ገባሁ።